ግንቡን የሠራው ማን ነው? የቪዮሌ ለዱክ ሕይወትና የካርካሶን ከተማ

ፈረንሳይ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፓሪስና የኤፍል ማማ ነው። ከፓሪስ ወደ ደቡብ ርቀው ቢሄዱ ግን ከስፔን ድንበር ብዙም ሳይርቅ በኦድ ወንዝ ዳር፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች በግንብ የታጠረች ከተማ ያገኛሉ። ስሟ ካርካሶን ይባላል። ከሩቅ ላያት ሰው ከተረት መጽሐፍ ውስጥ የወጣች ነው የምትመስለው። ድርብ ቅጥር አላት፤ 52 ማማዎች አሏት፤ በማማዎቹ አናት ላይ ደግሞ እንደ ባርኔጣ የተደፉ ሹል ጣሪያዎች አሉ። ሁለቱ ቅጥሮች አንድ ላይ ቢለኩ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ዩኔስኮ ከተማዋን በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለእረፍት ሄዶ ታሪክና ባህል ማየት የሚወድ ቱሪስት በናርቦን በር በኩል ሲገባ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የሚያየው። ከዚያ ካሜራውን ያወጣል። በሐሳቡም ከ700 ዓመት በፊት ወደነበረ ዘመን እንደገባ ይሰማዋል። ይሄ ስሜት ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ምክንያቱም ጎብኚው ቀና ብሎ የሚያያቸው ሹል ጣሪያዎችና የግንቡ ጥርሶች በአብዛኛው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግንበኞች እጅ ሥራ ሳይሆኑ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የአንድ ሰው እቅድ ውጤት ናቸው። ያ ሰው ኤዥን ኢማኑኤል ቪዮሌ ለዱክ ይባላል። ከሞተ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልሞተም። ቪዮሌ ለዱክ ቅርስ አዳኝ ነው ወይስ ቅርስ አበላሽ? ይህ ጽሑፍ የሰውየውን ሕይወት እየተከተለ ጥያቄውን ለመመልከት ይሞክራል።

መጀመሪያ ስለ ከተማዋ

ሰውየውን ለመረዳት ያገኛትን ከተማ ማወቅ ይጠቅማል። የካርካሶን የውስጠኛው ቅጥር መሠረት የተጣለው በሮማውያን ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ከእነሱ በኋላ ቪሲጎቶች ያዟት፤ ከዚያም ዐረቦች፣ ከዚያም በ759 ፍራንኮች። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ትረንካቬል የሚባሉ መሳፍንት ከተማዋን ይገዙ ነበር።

በ1209 ትልቁ መከራ መጣ። የሮማው ጳጳስ ካታር በሚባሉት የሃይማኖት ተከታዮች ላይ ቀደም ብለው የመስቀል ጦርነት አውጀው ነበር። ጦሩ በሐምሌ ወር ቤዚዬ የምትባለውን ከተማ ሕዝቧን ጨፍጭፎ ነሐሴ ላይ ካርካሶንን ከበበ። ውሃ አለቀ። የ24 ዓመቱ ወጣት መስፍን ሬይሞን ሮዤ ትረንካቬል ለድርድር ወጣ፤ ሲወጣ ግን ያዙት። ነዋሪው ንብረቱን ጥሎ የለበሰውን ብቻ ይዞ ከተማዋን ለቀቀ። መስፍኑም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በገዛ ግንቡ ውስጥ እስረኛ ሆኖ ሞተ። ከተማዋ ለጦር መሪው ለሲሞን ደ ሞንፎር ተሰጠች፤ በኋላም በፈረንሳይ ንጉሥ እጅ ገባች። የውጪውን ቅጥር ያሠሩት የፈረንሳይ ነገሥታት ናቸው። ሉዊ ዘጠነኛ ጀመሩት፤ ልጃቸው ፊሊፕ ሦስተኛ ቀጠሉበት።

ከዚያ በኋላ ለ400 ዓመታት ያህል ካርካሶን የድንበር ጠባቂ ሆና ኖረች። በ1659 ግን ፈረንሳይና ስፔን የሰላም ውል ተፈራረሙ፤ ድንበሩም ወደ ደቡብ ተገፋ። ሰላም ለሕዝቡ ጥሩ ነው፤ ለግንቡ ግን አልጠቀመም። ጠላት የሌለበት ምሽግ ማን ያድሰዋል? ሀብታሞቹ በወንዙ ማዶ ወዳለው የታችኛው ከተማ ወረዱ። ኮረብታው ላይ የቀሩት ድሆች ነበሩ፤ በተለይ ሸማኔዎችና የቀን ሠራተኞች። በሁለቱ ቅጥሮች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ግንቡን ተደግፈው ጎጆ ቀለሱ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ቤት የሚሠራ ሁሉ ከግንቡ ድንጋይ ይነቅል ጀመር። ቪዮሌ ለዱክ ሲወለድ ካርካሶን እንዲህ ሆና ነበር።

ትምህርት ቤት ያልገባው አርክቴክት

ቪዮሌ ለዱክ ጥር 27 ቀን 1814 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በኋላም የንጉሡ ቤተ መንግሥቶች ጠባቂ ነበር፤ መጽሐፍ መሰብሰብ ይወዳል። የእናቱ ወንድም ኤትየን ዴሌክሉዝ ሠዓሊና ሐያሲ ሲሆን የሚኖረውም እዚያው ቤት ነው። ቤቱ እንግዳ አያጣም ነበር። እናቱ ዓርብ ዓርብ፣ አጎቱ እሑድ እሑድ ጸሐፊዎችንና ምሁራንን ይጋብዛሉ። ልጁ ጥግ ይዞ ሲያዳምጥ አደገ። ከእንግዶቹ አንዱ ፕሮስፔር ሜሪሜ የሚባል ደራሲ ነበር። ካርመን የተባለውን ታዋቂ ታሪክ የጻፈው እሱ ነው። ይህ እንግዳ በኋላ የልጁን ዕድል እንደሚለውጥ ያኔ ማንም አላሰበም።

ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እርሳስ ከእጁ አይለይም። በ1830 ፓሪስ ውስጥ አብዮት ሲነሳ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከሕዝቡ ጋር መንገድ ሲዘጋ ዋለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፓሪስን ኮሌራ መታት፤ እናቱም በዚያ ሞተች። በ20 ዓመቱ ትዳር ያዘ፤ እየሣለና ሥዕል እያስተማረም ቤተሰቡን ያኖር ጀመር።

በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ አርክቴክት መሆን የሚፈልግ ወጣት ወደ ከፍተኛው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባት ነበረበት። ቪዮሌ ለዱክ አልገባም ብሎ እምቢ አለ። ትምህርት ቤቱ ሁሉንም ተማሪ በአንድ ቅርጽ የሚያወጣ፣ የግሪክና የሮማን አሠራር ብቻ የሚያስገለብጥ ቦታ ነው ብሎ ያምን ነበር። በእኛ አገር ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ልጁ መማሩን አልጠላም፤ የጠላው የመማሪያ ክፍሉን ነው። በአርክቴክቶች ቢሮ ጥቂት ጊዜ ሠራ፤ ከዚያ የፈረንሳይን አውራጃዎች እየዞረ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናትንና ግንቦችን ሣለ። በ1836 ወደ ጣሊያን ሄዶ ከአንድ ዓመት በላይ እየዞረ ሣለ፣ ለካ፣ መዘገበ። ሕንፃ የሚያጠናው እንደ ሐኪም ነበር ማለት ይቻላል፤ ይሄ ድንጋይ እዚህ ለምን ተቀመጠ? ክብደቱን የሚሸከመው የትኛው ክፍል ነው? እያለ አንዱን ከአንዱ ይለያል።

በ26 ዓመቱ የመጣው ፈተና

በዚያ ጊዜ ፈረንሳይ የጥንት ሐውልቶቿን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አቋቁማ ነበር። ከ1834 ጀምሮ ዋና ተቆጣጣሪው የቤተሰቡ እንግዳ የነበረው ሜሪሜ ነው። ሜሪሜ አገሪቱን እየዞረ የሚፈርሰውን ይመዘግባል፤ ለመንግሥትም ያመለክታል። ቬዝሌ በምትባል ኮረብታማ ከተማ ያለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሊወድቅ እንደ ደረሰ አይቷል። ሌሎች አርክቴክቶች ኃላፊነቱን ፈሩት፤ ቢነኩት እላያቸው ላይ ሊናድ ይችላል። በ1840 ሜሪሜ ሥራውን ለ26 ዓመቱ ቪዮሌ ለዱክ ሰጠው። ወጣቱ ዲፕሎማ የለውም። እስከዚያ ቀን አንድም ትልቅ ሕንፃ አልጠገነም።

ሰውየው ግን ድንጋዩን ያውቀዋል። የከበደውን ጣሪያ አቀለለ፣ ያዘመሙትን ግድግዳዎች ደገፈ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቆመ። ዛሬም ቆሟል። ከዚያ በኋላ ሥራ በሥራ ላይ መጣለት። በ1844 ዣን ባፕቲስት ላሱ ከሚባል አርክቴክት ጋር ሆኖ የፓሪሱን ኖትር ዳም ካቴድራል የማደስ ውድድር አሸነፈ። በ1857 ላሱ ሲሞት ሥራውን ብቻውን ቀጠለ። በአብዮቱ ዘመን የተሰባበሩትን ሐውልቶች አስቀረጸ። ከላይ ሆነው ከተማዋን የሚያዩትን አስገራሚ የድንጋይ አራዊት አስጨመረ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በፈረሰው ማማ ፈንታም በ1859 ከዋንዛ ሳይሆን ከጠንካራ የኦክ እንጨት የተሠራና በእርሳስ ብረት የተለበጠ አዲስ ሹል ማማ አቆመ። ማማው የድሮው ግልባጭ አልነበረም፤ ከድሮው የረዘመ፣ ያጌጠ፣ የራሱ ፈጠራ ነበር። እግሩ ሥር ከመዳብ የተሠሩ የ12 ሐዋርያት ሐውልቶች አሉ። ከእነሱ ውስጥ የአርክቴክቶች ጠባቂ ነው የሚባለው ቶማስ ፊቱ የቪዮሌ ለዱክን መልክ ይዟል። ሌሎቹ ወደ ከተማዋ ሲያዩ እሱ ብቻ ዞሮ ማማውን ቀና ብሎ ያያል። ሰውየው በሥራው ላይ የተወው ፊርማ መሆኑ ነው።

ካርካሶንን ማን አዳናት?

በ1844 ቪዮሌ ለዱክ በካርካሶን ኮረብታ ላይ ያለውን የቅዱስ ናዜር ቤተ ክርስቲያን እንዲጠግን ታዘዘ። ቤተ ክርስቲያኑን ሊጠግን ሄዶ ቅጥሩን ሲያይ ልቡ እዚያው ቀረ። አንድ ማማ ላይ የሮማውያንን፣ የቪሲጎቶችንና የፈረንሳይ ነገሥታትን ግንበኞች አሠራር ተደራርቦ አገኘው። በ1849 ስለ ቅጥሩ ሁኔታ ከብዙ ሥዕል ጋር ጥናት አዘጋጅቶ አቀረበ።

ይሁን እንጂ መንግሥት ሌላ ሐሳብ ነበረው። ሐምሌ 1850 ካርካሶን ከጦር ምሽጎች መዝገብ ተሰረዘች። ይህ በወረቀት ላይ ሲያዩት ተራ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል፤ በተግባር ግን ግንቡ ለድንጋይ ነጋዴ ተላልፎ ሊፈርስ ይችላል ማለት ነው። እዚህ ላይ የአንድ ሌላ ሰው ስም መነሳት አለበት፤ ዣን ፒየር ክሮ ማይረቪዬ ይባላል። የካርካሶን ተወላጅ፣ የሕግና የታሪክ ሰው ነበር። ለዓመታት ስለ ከተማው ሲጽፍና ሲወተውት የኖረው እሱ ነው። እሱ፣ ሜሪሜና የከተማው ሰዎች ተረባርበው አቤት አሉ፤ ውሳኔውም በነሐሴ ወር ተሻረ። እንግዲህ ካርካሶንን ያዳናት ቪዮሌ ለዱክ ብቻ ነው ማለት ልክ አይሆንም። ከፓሪስ የመጣው ሰው ስሙ ጎልቶ ይጠራል፤ ቤቱ ሆኖ የጮኸው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የቅጥሩ ጥገና በ1853 ተጀመረ። ቪዮሌ ለዱክ አቀደው፣ ከሩቅም ከቅርብም ተቆጣጠረው። የወደቁ ማማዎች ተነሱ፤ የተነቀሉ ድንጋዮች በአዲስ ተተኩ፤ ለማማዎቹ ክዳን ተሠራላቸው። ሥራው ከእሱ ዕድሜ በላይ ወሰደ። እሱ ከሞተ በኋላ ሌሎች አርክቴክቶች የእሱን እቅድ ይዘው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ቀጠሉበት።

በሁለቱ ቅጥሮች መካከል ቤት የሠሩት ድሆችስ? እነሱ እንዲነሱ ተደረገ። ቤቶቻቸው እየተገዙ ፈረሱ፤ ቦታውም ባዶ ሜዳ ሆነ። ዛሬ ጎብኚ የሚንሸራሸርበት፣ ግንቡን በሙሉ ቁመቱ የሚያይበት ሰፊ መተላለፊያ ያኔ ሕፃናት የሚሯሯጡበት፣ የሸማኔ መወርወሪያ የሚሰማበት ሰፈር ነበር። ከጥገናው አንፃር ካየነው ውሳኔው ምክንያት አለው፤ ጎጆዎቹ ግንቡን ሸፍነውታል፣ ጎድተውታልም። ግን እነዚያ ሰዎች ከ1659 በኋላ ሀብታሙ ጥሎ ሲሄድ ከግንቡ ጋር የቀሩ ናቸው። ከተማዋ ዋጋ ስታገኝ መጀመሪያ የተነሱት እነሱ ሆኑ። ዛሬ በቅጥሩ ውስጥ ነዋሪ ሆኖ የሚያድር ሰው ጥቂት ነው፤ ቀን ቀን ግን መንገዱ በጎብኚ ይጨናነቃል። ቅርስን ስናድን ሰፈርን እንዴት እናድርግ የሚለው ጥያቄ ያኔም አልተመለሰም።

የጣሪያው ጭቅጭቅ

ቪዮሌ ለዱክን በካርካሶን ጉዳይ በጣም ያስወቀሰው ጣሪያው ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ቤት የሚከደነው በአብዛኛው በቀይ ሸክላ ነው፤ ጣሪያውም ዘቅዘቅ ያላለ፣ ገባ ያለ ነው። ቪዮሌ ለዱክ ግን ብዙዎቹን ማማዎች ቀጥ ባለ ሹል ጣሪያ፣ እንደ ሰሌዳ እየተሰነጠቀ በሚወጣ ግራጫ ድንጋይ ከደናቸው። ይሄ የሰሜን ፈረንሳይ መልክ ነው፤ በረዶ ለሚበዛበት አገር የሚስማማ ነው ብለው ተቃዋሚዎቹ ጮኹ። እሱም መልስ ነበረው። በፍርስራሹ ውስጥ የዚያ ድንጋይ ስብርባሪ እንደተገኘ፣ የውጪውን ቅጥር ያሠሩትም ከሰሜን የመጡ የንጉሥ ግንበኞች እንደሆኑ ተከራከረ። ክርክሩ ለነገሥታቱ ማማዎች ሊሠራ ይችላል። ለሮማውያኑ ማማዎች ግን አይሠራም፤ ስለዚህ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አንዳንዶቹ ማማዎች የሹሉ ክዳን ተነስቶላቸው በሸክላ ተከደኑ። ዛሬ ካርካሶንን የሚጎበኝ ሰው ሁለቱንም ዓይነት ጣሪያ ጎን ለጎን የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጭቅጭቁ የአንድ ጣሪያ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቪዮሌ ለዱክ ከ1854 እስከ 1868 ባሉት ዓመታት ስለ መካከለኛው ዘመን የፈረንሳይ ሥነ ሕንፃ 10 ቅጽ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። በዚህ ሥራው ውስጥ እድሳት ምን ማለት እንደሆነ ሲያስረዳ ሕንፃን ማደስ ማለት ምናልባት በየትኛውም ዘመን ኖሮት ወደማያውቅ ሙሉ ገጽታ ማድረስ ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ደፋር አባባል ነው። የሞተው ግንበኛ ዛሬ ቢኖር እንዴት ይጨርሰው ነበር ብሎ አስቦ መጨረስ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ጆን ረስኪን የተባለው ሐያሲ ተቃራኒውን ያምን ነበር። ለእሱ እድሳት የሚባለው ነገር ራሱ ሕንፃን መግደል ነው፤ ያረጀውን በእንክብካቤ ማቆየት እንጂ አዲስ መልክ መስጠት ውሸት ነው። በ1877 ዊልያም ሞሪስ በለንደን ያቋቋመው ማኅበርም ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ተነሳ። በ1964 ቬኒስ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያወጡት ሰነድ ወደ ረስኪን ወገን ያደላል፤ ግምት ሲጀምር እድሳት ይቁም፣ አዲስ የተጨመረውም ከአሮጌው ተለይቶ ይታይ ይላል።

ለጋዜጠኝነት ተማሪ ይሄ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። ዘገባ የሚሠራ ሰው መረጃው ሁሌም ሙሉ ሆኖ አያገኘውም። አንድ ምስክር ይጠፋል፣ አንድ ሰነድ ይቀዳል፣ መካከል ላይ ክፍተት ይኖራል። ክፍተቱን ሊሆን ይችላል በሚል ግምት መሙላት ታሪኩን ውብ ያደርገዋል፤ አንባቢም ይወደዋል። ግን የተሞላው ክፍል የቱ እንደሆነ ካልተነገረ አንባቢው ተታለለ ማለት ነው። ቪዮሌ ለዱክ በዚህ ረገድ ለሚወቅሱት መከራከሪያ የሚሆን አንድ ነገር አድርጓል፤ ከማደሱ በፊት ያለውን ሁኔታ በጥንቃቄ ሥሎ መዝግቧል። የፈረሰው ምን እንደነበረ፣ የተጨመረው ምን እንደሆነ ዛሬ ተመራማሪዎች የሚለዩት በእሱ ሥዕሎችም ጭምር ነው። እንደ እኔ እምነት ከጥፋቱ የሚያድነው ይሄ ነው። ገምቷል፤ ግን ከመገመቱ በፊት መዝግቧል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ቪዮሌ ለዱክ የንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ወዳጅ ሆነ። በ1857 ንጉሠ ነገሥቱ ፒየርፎን የሚባለውን ፍርስራሽ ግንብ እንዲያድስለት አዘዘው። እዚያ ላይ ሐሳቡን ያለ ልጓም ለቀቀው፤ ከጥንቱ ግንብ ይልቅ የእሱ ሕልም የሚበዛበት ቤተ መንግሥት ሆነ። በዚህ ወዳጅነት ምክንያት ጠላትም አፈራ። በ1864 ቀድሞ እምቢ ባለው ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሲገባ ተማሪዎቹ በጩኸትና በፉጨት አላስተምር አሉት። ጥቂት ጊዜ ታግሎ ሥራውን ለቀቀ። ሊያስተምር ያሰበውን ግን በመጽሐፍ አወጣው፤ ብረትን በአዲስ ሕንፃ ላይ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ያሰፈራቸው ሐሳቦች ከእሱ በኋላ ለመጡ አርክቴክቶች ትልቅ ትምህርት ሆኑ።

በ1870 ጦርነት ሲመጣ በፓሪስ መከላከያ ላይ በመሐንዲስነት ተሰለፈ። ከጦርነቱ በኋላ ፊቱን ወደ ተራራ አዞረ። የሞን ብላንን ተራራ ለዓመታት እየወጣና እየወረደ አጥንቶ በ1876 ካርታውን አሳተመ። ተራራንም ያየው እንደ ፈረሰ ሕንፃ ነው ይባላል፤ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ሊገምት ይሞክር ነበር። ኒው ዮርክ ያለውን የነፃነት ሐውልት በተመለከተም መጀመሪያ የውስጡን አሠራር ያማከረው እሱ ነበር፤ እሱ ሲሞት ሥራው ወደ ጉስታቭ ኤፍል ተላለፈ።

በመጨረሻ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሎዛን ላይ ቤት ሠራ። የዚያችን ከተማ ካቴድራል እያደሰ ሳለ መስከረም 17 ቀን 1879 በ65 ዓመቱ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ከሞተ በኋላ ስሙ ወደቀ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ባለሙያዎች ብዙዎቹ እንደ መጥፎ ምሳሌ ያነሱት ነበር። ቱሉዝ ከተማ ባለው የቅዱስ ሰርናን ቤተ ክርስቲያን ላይ እሱ የጨመረውን ክፍል አፍርሰው ወደ ቀድሞው ለመመለስ እስከ መሥራት ደርሰዋል።

እሳቱና ፍርዱ

ሚያዝያ 15 ቀን 2019 የፓሪሱ ኖትር ዳም ተቃጠለ። ዓለም በቴሌቪዥን እያየ ሹሉ ማማ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ወደቀ። ያን ቀን ብዙ ሰው ያለቀሰለት ማማ የመካከለኛው ዘመን ሥራ አልነበረም፤ ያ ቪዮሌ ለዱክ በ1859 ያቆመው የራሱ ፈጠራ ነበር። የመዳብ ሐዋርያቱ፣ በእሱ መልክ የተሠራውን ቶማስን ጨምሮ፣ ከአራት ቀን በፊት ለጥገና ወርደው ስለነበር ተረፉ። ከእሳቱ በኋላ ክርክር ተነሳ። አንዳንዶች የዘመኑ አዲስ ማማ ይሠራ አሉ፤ የፈረንሳይ መንግሥትም በመጀመሪያ በሐሳቡ ላይ ዓለም አቀፍ ውድድር እንደሚያወጣ ገልጾ ነበር። በ2020 ግን ማማው እንደነበረው እንዲሠራ ተወሰነ። ካቴድራሉ በታኅሣሥ 2024 ሲከፈት የቪዮሌ ለዱክ ማማ ከነቅርጹ ተመልሶ ቆሞ ነበር።

እስቲ ይህን ልብ እንበለው። በ1859 አዲስ ፈጠራ ተብሎ ሊወቀስ የሚችል ነገር ከ160 ዓመት በኋላ እሱ ራሱ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ተቆጥሮ ቁርጥ አድርገው መለሱት። ጊዜ የፈጠራን ሥራ ታሪክ ያደርገዋል ማለት ነው። ካርካሶንም እንደዚሁ ናት። የእሱን ጣሪያዎች ዛሬ ሁሉንም እናንሳ ቢባል የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ ማፍረስ ይሆናል። ይሄ ግን ያኔ የተሠራው ሁሉ ልክ ነበር ማለት አይደለም።

ስለዚህ ወደ ካርካሶን የመሄድ ዕድል ያገኘ ሰው የሚከተለውን ቢያደርግ ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ። ናርቦን በር ላይ ዳም ካርካስ የምትባል ሴት ምስል አለች። ሻርለማኝ ከተማዋን ሲከባት ሴትየዋ የመጨረሻውን አሳማ በመጨረሻው ስንዴ አጥግባ ከግንቡ ላይ ወረወረች፣ ንጉሡም ከተማዋ ምግብ የሞላት መስሎት ተመለሰ ይባላል። ሻርለማኝ ካርካሶንን ከብቦ አያውቅም፤ ተረት ነው። ቢሆንም ሰምቶ መሳቅ ነው። ከዚያ ወደ ግንቡ ሥር ተጠግቶ ትንንሽ ድንጋይና ቀይ ጡብ እየተፈራረቀ የተደረደረበትን ቦታ መፈለግ ነው፤ እሱ የሮማውያን እጅ ነው። ከፍ ሲል ትልልቅ የተጠረበ ድንጋይ ካገኘ የፈረንሳይ ነገሥታት ግንበኞች ናቸው። አናቱ ላይ ንጹሕ ጥርሶችና ግራጫ ሹል ጣሪያ ሲያይ እዚያ ቪዮሌ ለዱክ አለ። ቀጥሎ በሁለቱ ቅጥሮች መካከል ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ስማቸው የትም ያልተጻፈውን ሸማኔዎች ማሰብ ነው።

እንዲህ አድርጎ የጎበኘ ሰው ግንቡን የሠራው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ አንድ ስም አይጠራም። ቪዮሌ ለዱክም ቢሆን በዚህ የሚከፋ አይመስለኝም፤ ዕድሜውን ሙሉ የደከመው እኮ ድንጋይን ከድንጋይ መለየት ሰዎች እንዲለምዱ ነው። የቱ የቆየ፣ የቱ የተጨመረ እንደሆነ እየለየን እናድንቀው፤ የሚገባውን ወቀሳም አንንፈገው።